የመመለሻ ፈቃድ ሳይይዝ እንዳይወጣ

አዎ፣ ቪዛው ይቃጠልበታል። ባልሽ በፓኪስታን ፓስፖርት ባንኮክ እየሠራ የአንድ ዓመት መኖሪያ ፈቃዱን አራዝሟል፤ ለኢድ ላሆር ደርሶ ቢመለስ ፈቃዱ ይቃጠላል ወይ ነው ጥያቄሽ። የመመለሻ ፈቃድ (ሪ-ኤንትሪ ፐርሚት) ሳይይዝ ከታይላንድ ከወጣ፣ ገና ስድስት ወር ቢቀረውም ያራዘመው በዚያው ቀን ያከትማል።

1. ከመብረሩ በፊት ኢሚግሬሽን ሄዶ ቲኤም 8 የሚባለውን ፎርም ይሙላ። ፓስፖርቱን፣ የገጾቹን ኮፒና ፎቶግራፍ ይያዝ።

2. ለአንድ ጉዞ 1,000 ባት፣ ለብዙ ጉዞ 3,800 ባት ይከፍላል። ቤተሰብ ጋ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ከሆነ የብዙ ጉዞውን ይውሰድ።

የባንኮኩ ሱቫርናቡሚ ኤርፖርትም ፈቃዱን ይሰጣል። እኔ ግን በረራ ሊነሳ ሲል በዚያ አልተማመንም።

ለእሱ ነገሩ ይብሳል። የብዙ አገር ሰው ፈቃዱ ቢቃጠልም ያለ ቪዛ ገብቶ ያስተካክላል። የፓኪስታን ፓስፖርት ይህን ዕድል አይሰጥም፤ ቪዛውን ከዜሮ መጀመር ነው።

ሲመለስ ደግሞ ከኢሚግሬሽኑ መስኮት ሳይርቅ ማህተሙን ያንብብ። እኔ አንዴ በየብስ ስመለስ የመመለሻ ፈቃዴ ገጹ ላይ ተለጥፎ እያለ የ30 ቀን ማህተም መቱብኝ። ያየሁት ቤት ገብቼ ሻንጣ ስፈታ ነው። ለማስተካከል ሁለት ቀን ተመላለስኩ። ቀኑ ድሮ ከተራዘመለት ቀን ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ እዚያው ቆሞ ያሳያቸው። በየ90 ቀኑ አድራሻውን ለኢሚግሬሽን የሚያሳውቅበት ሪፖርትም ከገባበት ቀን እንደ አዲስ ይቆጠራል።