«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ብላችሁ ለምትከራከሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ለመንግሥት ትልልቅ ግንባታዎች ገንዘብ ሲፈለግ፣ ውል ሲጻፍና ክፍያ ሲፈጸም ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የእናንተን ክርክር መከታተል ይዣለሁ። መንገድ፣ ባቡር፣ ግድብ፣ አሁን ደግሞ የቢሾፍቱው አውሮፕላን ማረፊያ በተነሣ ቁጥር አንዱ «ብድር ባርነት ነው፣ በራሳችን አቅም እንሥራ» ይላል፤ ሌላው «ሳይበደር ያደገ አገር የታለ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ይጨበጨብላቸዋል። እኔ ግን ሁለቱንም ስሰማ የሚጎድለኝ ነገር አለ፦ ከፋዩ ማን ነው? የሚከፍለውስ በብር ነው በዶላር?

«በራስ አቅም» ከሚለው ልጀምር፤ ብዙዎቻችሁ ነፃ ገንዘብ ይመስላችኋልና። የህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል፣ ግብፅ በተቃወመችው ግድብ ውስጥ እጁን ሊያስገባ የፈለገ አበዳሪ አልነበረም። ስለዚህ ቦንድ ተሸጠ፣ በ8100 መልእክት ተላከ፤ እኛም የመንግሥት ሠራተኞች የአንድ ወር ደመወዛችንን በዓመት አከፋፍለን ሰጠን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ ደስታዬን የምገልጽበት ቃል አልነበረኝም። 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል ነገር አይደለም። ሒሳቡ ግን ለብቻው ይታይ። የቦንዱ ወለድ 6 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በ2004 የበጀት ዓመት የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ቦንድ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡን መልሶ ሲቀበል ቁጥሩ አድጎ፣ የመግዛት አቅሙ ግን ወርዶ ነው ያገኘው። ብዙዎቻችን ይህን እያወቅን በፈቃዳችን ሰጥተናል፤ እሰየው። ሆኖም የግድቡ ወጪ አብላጫው የተሸፈነው ከቦንዱ ሳይሆን ከመንግሥትና ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። የባንክ ገንዘብ ማለት ደግሞ የአስቀማጩ ገንዘብ ነው።

ግድቡ በተጀመረበት ሰሞን ብሔራዊ ባንክ ያወጣውን መመሪያ የምታስታውሱት ጥቂቶች ናችሁ። የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገደዱ። ወለዱ መጀመሪያ ላይ 3 በመቶ ነበር፤ ባንኮቹ ግን ለቆጣቢው ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍሉ ነበር። ገንዘቡ ለልማት ባንክ እየሄደ ትልልቅ ሥራዎችን ደገፈ። መመሪያው የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ወፍጮ ወይም የዳቦ መጋገሪያ ሊከፍት ባንክ ሄዶ «አሁን ብድር የለም» ተብሎ የተመለሰው ሰው፣ ስሙ በየትኛውም የምረቃ ንግግር ላይ ባይነሣም፣ ከከፋዮቹ አንዱ ነው። «በራስ አቅም» ስትሉ እርሱንም ቁጠሩት።

አሁን ወደ ብድሩ እንምጣ። እኔ ብድርን የሚፈራ ሰው አይደለሁም። የምፈራው በዶላር ተበድሮ በብር የሚሰበስብ ሥራ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ (የቻይና መንግሥት የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ) የተገኘ ብድር ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የሚሄደው ተሳፋሪ የሚከፍለው እንደየርቀቱ 2፣ 4 ወይም 6 ብር ነበር። ያኔ ዶላር 21 ብር ገደማ ነው፤ 6 ብር ማለት 30 የአሜሪካ ሳንቲም የማይሞላ መሆኑ ነው። ለሠራተኛውና ለተማሪው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ታሪፉ መወደድ ነበረበት እያልኩም አይደለም። ግን ዕዳው በዶላር፣ መለዋወጫውም በዶላር ነው። ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ከሐዲድ ውጪ ቆመው ስታዩ «አያያዝ አናውቅም» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ ነገሩ ገና ውሉ ሲፈረም የሚታይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። በዚያች ሌሊት ማንም አዲስ ብድር አልፈረመም፤ በብር ሲቆጠር ግን የዶላር ዕዳው ሁሉ አበጠ።

የጊዜው ጉዳይም አለ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ብድር መጀመሪያ በ10 ዓመት የሚከፈል ነበር። 50 ዓመት የሚያገለግል ሐዲድ በ10 ዓመት ክፈሉ መባል ለማን እንደሚከብድ መሐንዲስ መሆን ሳያስፈልግ ይገባል። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በድርድር ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ገደማ በ6.625 በመቶ ወለድ የተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ (በውጭ ገበያ በዶላር የሚሸጥ የመንግሥት ቦንድ) ደግሞ ዋናው ገንዘብ በአንድ ጊዜ በ10ኛው ዓመት የሚመለስ ነበር። ከተበደርንላቸው ሥራዎች መካከል ስኳር ነበረበት፤ ከስኳር ፋብሪካዎቹ አንዳንዶቹ በወቅቱ አንድ ኩንታል እንኳ አላመረቱም። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ፤ አገሪቱም ዕዳ ካልከፈሉት ተርታ ተመዘገበች።

እስቲ አሁን ጋዜጣ ላይ የማይወጣ ነገር ላሳያችሁ። የብድር ውል ስታገኙ መጀመሪያ የወለዱን ምጣኔ አትዩ። የእፎይታ ጊዜው፣ ማለትም ዋናውን ዕዳ መመለስ ሳትጀምሩ የምትቆዩበት ጊዜ፣ መቼ እንደሚያበቃ እዩ፤ ቀጥሎ ባልተወሰደው ብድር ላይ የሚታሰበውን ክፍያ ፈልጉ። በብዙ የንግድ ብድሮች ላይ ውሉ ከጸና ጀምሮ፣ ገንዘቡን ባትወስዱትም፣ «አዘጋጅቼ አስቀምጬላችኋለሁና» ተብሎ በየመንፈቁ ይጠየቃል። አሁን የአንድ መንገድ ሥራን አስቡ። ዶላሩ ተፈቅዷል፣ ተቋራጩ ማሽኑን አስገብቶ ካምፕ ሠርቷል። መንገዱ የሚያልፍበት ሰፈር ግን አልተነሣም፤ የካሳው ገንዘብ ከመንግሥት በጀት በብር የሚመጣ ነው፣ በጀቱ ደግሞ አልተለቀቀም። የቀበሌው ሰው ዛፍ ቆጥሮ፣ ቤት ለክቶ፣ የገማች ኮሚቴው ተፈራርሞ፣ ፋይሉ መሳቢያ ውስጥ ነው። ተቋራጩ ለቆመበት ቀን ካሳ ይጠይቃል፤ አበዳሪው ያልተነካውን ብድር ክፍያ ይጠይቃል፤ የእፎይታው ጊዜም ይነጉዳል። አንድ ሜትር አስፋልት ሳይነጠፍ ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው። በሥራ ዘመኔ ያየሁት ገንዘብ በብዛት የባከነው በስርቆት ሳይሆን (ስርቆቱም ነበር) እንዲህ ባለው ወሰን ማስከበር ነው።

«ታዲያ የግል ባለሀብት ይሥራው» የምትሉም አላችሁ። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡሩን ፈቃድ ለ99 ዓመት ሰጥተው ነበር። ኩባንያው ከግል ገበያ ገንዘብ ሰበሰበ፤ አልበቃውም። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ውድ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ ድሬዳዋም የተቆረቆረችው በዚሁ ነው። ያን ጊዜ የፈረንሳይ መንግሥት ድጎማ ይዞ ገባ፣ ከድጎማው ጋርም የመቆጣጠር መብት መጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተቆጡ። ኩባንያው ከሰረ፣ በሌላ ተተካ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። የዛሬው ባለሀብትም እንዲሁ በነፃ አይመጣም፤ «የማመነጨውን የኤሌክትሪክ ኃይል መንግሥት ይግዛኝ፣ ዋጋውም በዶላር ይሁን» ይላል። ያ ዋስትና በዕዳ መዝገብ ላይ ባይጻፍም ዕዳ ነው።

ውጭ ያላችሁ ልጆችም ታነቡኝ ይሆናል። በአሜሪካ ለሚኖሩ ከ3,100 በላይ የአገራችን ልጆች የተሸጠው የግድቡ ቦንድ በዚያ አገር ሕግ ሳይመዘገብ የተሸጠ በመሆኑ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2016 ወለዱን ጨምሮ ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የተሰበሰበው 5.8 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ቀጣዩ ቦንድ ሲመጣላችሁ፣ ከባንዲራው በፊት የምዝገባ ወረቀቱን ጠይቁ።

ስለ ቢሾፍቱው ማረፊያ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ወጪው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ገንዘብ የማሰባሰቡን ሥራ እንዲመራ የተስማማው የአፍሪካ ልማት ባንክ ነው። እንደ ቀላል ባቡሩ አይደለም፤ አየር መንገዱ ትኬት የሚሸጠው በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ዕዳና ገቢው አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። ስለዚህ የእኔ ጥርጣሬ ያነሰ ነው፤ አልጠፋም ግን። መንገደኛው በታሰበው ፍጥነት ባይበዛ ዋስ የሚሆነው አየር መንገዱ ብቻ ነው ወይስ የገንዘብ ሚኒስቴርም አለበት? ከቦታው የሚነሡት ገበሬዎች ካሳ በየትኛው በጀት ተይዟል? ክርክራችሁን እዚህ ላይ አድርጉት። የገንዘብ ሚኒስቴር የመንግሥት ዕዳን የሚዘረዝር ቡለቲን በየሩብ ዓመቱ ያወጣል፤ ሽፋኑ አይስብም፣ ሠንጠረዡም ያደክማል። ከአበዳሪዎቹ ዝርዝር አልፋችሁ የመንግሥት ዋስትና ያለባቸውን ድርጅቶች የሚያሳየውን ገጽ ክፈቱና ከዚያ ጀምሩ።