ጨው «ቀለጠ» ወይስ «ሟሟ»? አዮኖቹስ ምን አደረጉ?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በአማርኛ ሳብራራ ጨው ውሃ ውስጥ «ቀለጠ» ልበል ወይስ «ሟሟ»? አዮኖቹስ (ቻርጅ ያላቸው የጨው ቅንጣቶች) ቻርጅ ባለው ገጽ ላይ «ተጣበቁ» ነው «ተሰባሰቡ»?

መልስ፦ መምህር፣ የመጀመሪያው ቀላል ነው። ማድ ቤት ውስጥ «ጨው ቀለጠ» ቢባል የሚከፋው የለም። ክፍል ውስጥ ግን «ሟሟ» ይበሉ፤ ጨው ለመቅለጥማ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። («ቻርጅ»ን እንዳለ ይውሰዱት። ስልኩን ቻርጅ የማያደርግ ተማሪ የለም።)

ጣጣው ሁለተኛው ላይ ነው። የጅማን ቀይ አፈር እንውሰድ። የሸክላ ቅንጣት ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ነጌቲቭ ነው። የጨው ውሃ ሲያገኘው ፖዘቲቭ የሆኑት ሶዲየሞች ወደ ገጹ ይሳባሉ፣ ነጌቲቭ የሆኑት ክሎራይዶች በገጹ ይገፋሉ። ታዲያ ሶዲየሞቹ «ተሰባሰቡ» ካልን፣ ለበዓል እንደሚሰባሰብ ዘመድ እርስ በርስ የተፈላለጉ ይመስላል። እነሱ ግን አንዱ ሌላውን ይገፋል እንጂ አይፈልግም፤ የጠራቸው ገጹ ነው። ስለዚህ «ተሳቡ» ወይም «ገጹ ሰበሰባቸው» ይሻላል።

«ተጣበቁ»ስ? ገጹን ለነኩት ለጥቂቶቹ ያስኬዳል። ሳይንቲስቱ ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁሉንም ገጹ ላይ እንደተደረደሩ አድርጎ ነበር የሳላቸው። ጉዊ በ1910፣ ቻፕማን በ1913 እ.ኤ.አ. ሙቀት ስለሚያተራምሳቸው እንደዚያ ተደርድረው እንደማይቀመጡ አሳዩ፤ ስተርን ደግሞ በ1924 ሁለቱን ሐሳብ አጋባ። ተደርድረው ለማይቀመጡት አማርኛ ግሩም ግሥ አለው፦ «ሳሳ»። «ሶዲየሞቹ ገጹ አጠገብ ይበዛሉ፤ ከገጹ በራቁ ቁጥር እየሳሱ ይሄዳሉ» ቢሉ ተማሪው ሥዕሉን ያየዋል። ይህ በገጹ ዙሪያ ያለው የአዮን ደመና በ0.001 ሞላር (በአንድ ሊትር 0.001 ሞል) የገበታ ጨው ውሃ ውስጥ ውፍረቱ ወደ 10 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ነው፣ በ0.1 ሞላር ወደ 1 ይወርዳል። ጨው ሲበዛ ደመናው ይቀጥናል ማለት ነው።

ይህን በዓይን ማሳየት ይቻላል። ክረምት ላይ የደፈረሰ የጅማውን የአዌቱ ወንዝ ውሃ በሁለት ብርጭቆ ይቅዱ፣ አንዱ ላይ ጨው ነስነስ አድርገው ያማስሉና ይተዉት። ደመናቸው ስለቀጠነ፣ ሲገፋፉ የነበሩት የሸክላ ቅንጣቶች ይጠጋጉና ይያያዛሉ። «ተሰባሰቡ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከዚያ ጭቃው «ዘቀጠ»፣ ውሃው «ጠለለ»። «ጠራ» ቢሉም አልቃወምም፤ ከሥር ዝቃጭ ሲቀር ግን እኔ «ጠለለ»ን እመርጣለሁ።