ሜዳው አጭር ስለሆነ ብቻ አይደለም የሚከብደው

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «የንግድ አብራሪነት ፈቃዴን ገና አሁን ነው ያገኘሁት። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ካራቫን (ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን) ላይ በረዳት አብራሪነት እንድሠራ ተጠይቄያለሁ። ትንንሾቹ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳዎች ምን ያህል ይከብዳሉ? በዓለም ላይ ከሁሉ የሚከብደውስ የት ነው?» ነው ያልከው። ከሥር የተሰጡትን መልሶችም አነበብኳቸው። ግማሹ ሰው ኔፓል ያለውን ሉክላን ጠርቷል፣ ግማሹ ቪዲዮ ለጥፏል። እኔ ካራቫን ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ። ኦሞ አካባቢም ደቡብ ሱዳንም ሠርቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ። ረዘም ስለሚል ቡናህን ይዘህ ቁጭ በል።

መጀመሪያ ታዋቂዎቹን እንጨርስ።

ሉክላ አርፌ አላውቅም። ለምን እንደሚፈራ ግን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። መንደርደሪያው 527 ሜትር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,845 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። ዳገቱ ወደ 12 በመቶ ይጠጋል። በታችኛው ጫፍ ገደል፣ በላይኛው ጫፍ ግንብና ተራራ ነው። ነፋሱ ከየትም ይምጣ፣ ሽቅብ ታርፋለህ፣ ቁልቁል ትነሳለህ። ኤድመንድ ሂላሪ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲያሠራው መጀመሪያ ያሰበው ሜዳማ የእርሻ መሬት ላይ ነበር። ገበሬዎቹ መሬታችንን አንሰጥም ስላሉ ነው ወደ ዳገቱ የወጣው። እዚህም እዚያም ገበሬ ገበሬ ነው።

የፈረንሳዩ ኩርሽቬልም የዚሁ ዘመድ ነው። 537 ሜትር ርዝመት፣ በአንድ ቦታ 18.5 በመቶ የሚደርስ ዳገት። ሳባ በምትባለው የካሪቢያን ደሴት ያለው መንደርደሪያ ደግሞ 400 ሜትር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጫፎቹ ባሕር ላይ የሚያበቁ ገደሎች ናቸው።

እኔን ግን ከሁሉ የምትገርመኝ የስኮትላንዷ ባራ ናት። መንደርደሪያዋ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ነው። በሦስት አቅጣጫ የተሰመሩ ሦስት መንደርደሪያዎች አሏት፤ ጫፋቸውን የሚያሳዩት የእንጨት ምሰሶዎች ናቸው። ባሕሩ ሲሞላ ሦስቱም ውኃ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ የበረራው ሰዓት የሚወጣው ማዕበሉ እየታየ ነው። ትዊን ኦተር የሚባለው ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ከግላስጎው መንገደኛ ጭኖ መጥቶ እርጥብ አሸዋ ላይ ያርፋል። መዘግየት የሚባለው ነገር እዚያ ሌላ ትርጉም አለው፤ ካረፈድክ ሜዳው ራሱ የለም።

እነዚህ ሁሉ ከባድ ናቸው፣ አልክድም። ግን አንድ ነገር አስተውል። ሉክላም ሆነ ኩርሽቬል ልዩ ሥልጠናና ፈቃድ የሌለው አብራሪ አያርፍም። ሁሉም ሰው ከባድ መሆናቸውን ያውቃል፤ ስለዚህ ሁሉም ተዘጋጅቶ ነው የሚሄደው። አንተን የሚያሳስብህ ሌላው ዓይነት ነው። ስም የሌለው፣ ቪዲዮ የሌለው፣ ከላይ ሲታይ ቀጥ ብሎ የተኛ ቀይ አፈር።

በእኔ እምነት ከባድ ሜዳ ማለት ሐሳብህን መቀየር የማትችልበት ሜዳ ነው። አጭር ሆኖ ዙሪያው ገላጣ ከሆነ ምንም አይደል። ካልጣመህ ፓወር ሰጥተህ ትሄዳለህ፣ ዞረህ ትመለሳለህ። ከፊት ተራራ ካለ ግን ጎ-አራውንድ የሚባለው ነገር (ማረፉን ትቶ እንደገና መውጣት) የሚያበቃበት ቦታ አለ። ያ ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመንደርደሪያው በፊት፣ ገና አየር ላይ እያለህ ነው። ከዚያ ካለፍክ ፍየል ብትገባም፣ ነፋስ ቢገፋህም ታርፋለህ። አዲስ ሜዳ ስሄድ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን ቦታ ነው። አንድ ምልክት እይዛለሁ፤ ዛፍ፣ የወንዝ መታጠፊያ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። «እዚያ ስደርስ ፍጥነቱ፣ ከፍታው፣ ፍላፑ (የክንፉ ተዘርጊ ክፍል) ካልተስተካከለ እሄዳለሁ» ብዬ ጮክ ብዬ ለጎኔ ሰው እናገራለሁ። ጮክ ማለቱ ዋጋ አለው። በልብህ ብቻ ከያዝከው ሰዓቱ ሲደርስ ትደራደራለህ።

ሁለተኛው ከፍታና ሙቀት ነው። ቦሌ ላይ ያደገ አብራሪ ከፍታ ለምዷል ይባላል፤ ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ። እውነት ነው፣ ግን ቦሌ ረጅም መንደርደሪያ አለው። ነገሩን በላሊበላ ላሳይህ። ኤርፖርቱ ከከተማው ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ ያም ሆኖ ከፍታው 6,500 ጫማ ገደማ ነው። ቴርሞሜትሩ 28 ዲግሪ ባለበት ቀን አየሩ ይሳሳል፤ ለአውሮፕላኑ የሚሰማው ከ9,500 ጫማ በላይ እንዳለ አየር ነው። የፍጥነት መለኪያህ ላይ 80 ኖት (በሰዓት 80 የባሕር ማይል) ታያለህ። አውሮፕላኑ በእውነተኛው የሚሄደው ግን 92 ገደማ ነው። በመሬት ላይ ፍሬን መያዝ ያለበት ጉልበት በሲሶ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ላሊበላ አስፋልት ስላለው ችግሩ አይሰማህም። ያንኑ ስሌት አጭር አፈር ላይ አምጣውና አስበው።

ጁባ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ዝቅ ያለ አገር ነው፣ 1,500 ጫማ ገደማ። ሙቀቱ ግን አይምርም።

ሦስተኛው ዓይንህ ነው። ይሄንን አስተማሪዎች ይናገሩታል፣ ግን እስኪያጋጥምህ አታምንም። መንደርደሪያው ዳገት ሲሆን ከፍ ብለህ እየመጣህ ይመስልሃል። ስለዚህ ሳታውቀው ትወርዳለህ። ጠባብ ሲሆንም እንደዚያው፣ ከፍ ያልክ ይመስልሃል። የገጠር ሜዳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠባብም ዳገትም ነው። ሁለቱ ተደምረው ከሜዳው በፊት ያለው ቁጥቋጦ ላይ ያመጡሃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመሄድህ በፊት የሜዳውን ከፍታ እወቅ፣ በምን ያህል ርቀት ስንት ጫማ ላይ መሆን እንዳለብህ ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ዓይንህና ወረቀቱ ከተጣሉ ወረቀቱን እመን።

አፈሩ ጋ ስንመጣ ብዙ ማውራት እችላለሁ። ደቡብ ሱዳን የምታገኘው አብዛኛው ሜዳ መረሬ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ዝናብ ከመጣ በኋላ ግን ጎማ ይይዛል፤ ከመንደርደሪያው ጫፍ ሳትዞር ትቀራለህ። «ትናንት ደህና ነበር» የሚባል ወሬ አትቀበል። መሬት ላይ ያለውን ሰው በሬዲዮ ወይም በስልክ ስትጠይቅ «ደረቅ ነው ወይ?» አትበለው፤ ሁልጊዜ አዎ ነው የሚልህ፣ እንድትመጣለት ስለሚፈልግ። «መኪና ይዘህ ሜዳውን በሙሉ ንዳው፤ ጎማው ምን ያህል ገባ?» በለው። ጎማው ቦይ ቦይ እያወጣ ከሄደ አትሂድ። ሣር ያለበት ሜዳ ሲረጥብ ደግሞ ፍሬን መያዝ ቅቤ ላይ እንደመቆም ነው።

ጠጠር ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ። ካራቫን ሪቨርስ አለው፤ ፕሮፔለሩ አየሩን ወደ ፊት እየገፋ ያቆምሃል፣ ደስ ይላል። ግን ፍጥነትህ ከቀነሰ በኋላ ሪቨርስ ይዘህ ከቆየህ ፕሮፔለሩ ጠጠሩን ራሱ ያነሳና ራሱን ይመታል። ሪቨርሱን ገና ጎማው እንደነካ ተጠቀምበት፣ ቶሎ መልሰው። ከቆምክ በኋላ ጣትህን በእያንዳንዱ የፕሮፔለር ቅጠል ፊት ላይ ቀስ ብለህ አሳልፍ። የተቆረሰ ነገር ካለ ጣትህ ይይዘዋል፣ ዓይንህ ያልፈዋል። የማውቀው አንድ ጎበዝ መካኒክ ሞረዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ነው የሚይዘው። የተቆረሰውን ቦታ እየሞረደ ሲያለሰልስ ቆሜ አያለሁ። የጥፍር ጫፍ የምታክል የተቆረሰች ቦታ ካልተሞረደች ስንጥቅ ትሆናለች።

ጉድጓዱንም እንዳትረሳ። አዋልዲጌሳ ሌሊት ቆፍሮ ያድራል። ጠዋት ላይ መንደርደሪያው መሐል የአፍንጫ ጎማህን የሚውጥ ቀዳዳ ታገኛለህ። ኩይሳም በዝናብ ወቅት በአጭር ጊዜ ይወጣል። ለዚህ ነው ካረፍኩ በኋላ መንገደኛው እስኪወርድ ሜዳውን በእግሬ የማየው፤ በዚያው ስለምነሳ።

ከብት እንግዲህ የታወቀ ነው። የድሮው የጂንካ ሜዳ ከተማው መሐል ነበር፤ ሣሩ ላይ ከብት ይግጣል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ያ በጣም ደስ የሚል ሜዳ ነበር፣ ግን ሳይጸዳ አይታረፍበትም። ዘዴው መጀመሪያ ዝቅ ብለህ አንዴ ማለፍ ነው። ላም ትሸሻለች። ፍየል ትሸሽና ትመለሳለች። አህያ ፈጽሞ አይነቃነቅም። ጅራፍ የያዘ ልጅ ሜዳው ዳር ካየህ ደስ ይበልህ፤ ከማንኛውም ታወር ይጠቅምሃል። ወፍም አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ባሕር ዳር ላይ አንድ ቦይንግ 737 ሲነሳ እርግቦች ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገብተው ተከስክሶ 35 ሰው ሞቷል። ትልቅ ጀት ላይ እንዲህ ከሆነ አንድ ሞተር ያለው አውሮፕላን ይዘህ ቀልድ የለም።

ንፋስን በተመለከተ፦ ዊንድሶክ (የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ የጨርቅ ከረጢት) ያለበት ሜዳ ቅንጦት ነው። ጭስ ፈልግ። ከጎጆ ጣሪያ የሚወጣ ጭስ ጥሩ ነው፤ ከመኪና ጀርባ የሚነሳ አቧራም ይሆናል። ተራራማ ቦታ ከሆነ በጠዋት ጨርሰህ ውጣ። ከእኩለ ቀን በኋላ መሬቱ ይግላል፣ አየሩ ሽቅብ ይሮጣል፣ ሸለቆው ንፋሱን ይጠመዝዘዋል። ኮምቦልቻን ብታየው ከላይ የደሴ ተራሮች ቆመዋል፤ ጠዋት ጸጥ ያለው አየር ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። የከሰዓት በረራ ሲሰጡህ ጭነትህን ቀንስ፣ ወይም ለጠዋት አዙረው።

አንድ ሕግ ደግሞ ለራስህ አውጣ። ጎማህ በመጀመሪያው ሲሶ ውስጥ መሬት ካልነካ ትሄዳለህ። መሄድ የማይቻልበት ሜዳ ከሆነ ደግሞ ቀድመን ያልነው ምልክት ጋ መወሰን አለብህ። «ትንሽ ትንሳፈፍና ትነካለች» እያሉ መጠበቅ ነው ብዙ ሰው አጥር ውስጥ ያገባው።

ለጀማሪ ይሄ ሥራ ይሆናል ወይ ላልከው፣ ይሆናል። እንዲያውም በእጅ መብረርን እንደዚህ የሚያስተምር ሥራ አላውቅም። ግን ውሉን ከመፈረምህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። በመጀመሪያዎቹ ወራት አጠገቤ የሚቀመጠው ካፒቴን እነዚያን ሜዳዎች ያውቃል ወይ? ጭነቱን የሚወስነው ማነው፣ አብራሪው ወይስ ቢሮው? ሳላርፍ ከተመለስኩ ያ በረራ ይከፈለኛል ወይ? የመጨረሻውን ጥያቄ ያለ ኃፍረት ጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጡህ አድርግ፤ «እሱን እዚህ ስትመጣ እንነጋገራለን» ካሉህ ግን ሌላ ሥራ ፈልግ።