ሞክሼ ስሞችና የመሬት ጥንዚዛ ንዑስ ዝርያዎች

ዘንድሮ ስለ ነፍሳት ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የመሬት ጥንዚዛዎችን አመዳደብ የሚመለከቱ ስለሆኑ አብረን መልሰናቸዋል። ሳይንሳዊ ስሞቹን ለዚህ ገጽ ሲባል በፊደላችን ጻፍናቸው እንጂ በናሙና መለያ ወረቀትና በዝርዝር ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ብቻ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ እዚህ ገጽ ላይ ከስም ቀጥሎ ያለው ቅንፍ ሰያሚውንና የተሰየመበትን ዓመት ለማሳየት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ጡረተኛ ሰብሳቢ የደረቁ ጥንዚዛዎች ያሉበት ሳጥን ሰጠኝ። ‹ካራቡስ ቪዮላሴውስ› ተብለው ከተሰኩት ውስጥ የአንዳንዶቹ የክንፍ ሽፋን ደቃቅ ፍርፍር የተነሰነሰበት ይመስላል፣ የሌሎቹ ደግሞ ቁልቁል የወረዱ መስመሮች አሉት። ባለ መስመሮቹን ‹ፑርፑራሴንስ› በሚባለው ንዑስ ዝርያ ለብቻ ልመድባቸው? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ጥንዚዛዎቹን ለጊዜው ይተዉና መጀመሪያ መለያ ወረቀቶቹን ያንብቡ። ንዑስ ዝርያ የሚባለው የአንድ አካባቢ ነዋሪ ሕዝብ ነው፤ መልክ ብቻውን ንዑስ ዝርያ አያደርግም። ቪዮላሴውስ (ሊኔየስ 1758) በሰሜንና በምሥራቅ፣ ፑርፑራሴንስ (ፋብሪሲየስ 1787) በምዕራብ ይኖራሉ፤ መካከለኛው አውሮፓ ውስጥ፣ ጀርመንንም ጨምሮ፣ በሚገናኙበት ቀበቶ ይዳቀላሉ። ሁለቱም መልክ ከአንድ ደን፣ ከአንድ ዓመት የመጣ ከሆነ በእጅዎ ያለው የተደባለቀ ሕዝብ ነውና ‹በቪዮላሴውስና በፑርፑራሴንስ መካከል› ብሎ መመዝገብ ይበቃል። ፑርፑራሴንስን ራሱን የቻለ ዝርያ የሚያደርጉ ባለሙያዎችም ስላሉ የማንን አመዳደብ እንደተከተሉ አብረው ይጻፉ።

መለያየት ካስፈለገ በመልክ ሳይሆን በቦታ ይደርድሯቸው፤ ከእያንዳንዱ ቦታ ቢቻል 15 ወይም 20 ወንዶች ይያዙ። የወንዱ የፊት እግር መርገጫ የመጀመሪያ አንጓዎቹ ሰፋ ብለው ከሥራቸው ጠጉር አላቸው፤ የሴቷ ቀጭን ነው። የደረት ጋሻውን ከሚሰፋበት ቦታና በቁመቱ፣ የክንፍ ሽፋኑንም በርዝመቱ ለክተው ንጽጽሩን ያስሉ። ከዚያ የወንዱን ብልት ያውጡ። ደረቁን ናሙና አንድ ጠብታ ሳሙና ባለበት ሙቅ ውኃ ውስጥ እስኪለሰልስ ይዘፍዝፉት (የፈላ ውኃ መገጣጠሚያውን ይፈታዋል)። የሆዱን ጫፍ በቀጭን ወረንጦ ከፍተው ብልቱን ይሳቡና ባለ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ለአንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ ከዚያ በውኃ አጥበው ግሊሰሪን ላይ ከጎንና ከላይ ይመልከቱት። ኬሚካሉ ቆዳ ያቃጥላልና ያለ ጓንት አይነካም። ብዙ ከቆየ ደግሞ ውስጠኛው ከረጢት ይልፈሰፈስና ቅርጹ አይነበብም። ብልቱ ሁልጊዜ በዚያው ጥንዚዛ መርፌ ላይ፣ ከሥሩ መሰካት አለበት፤ በሌላ ዕቃ የተቀመጠ ብልት ውሎ አድሮ ባለቤቱ የማይታወቅ ይሆናል።

ቀለምን አይመኑ። አረንጓዴ ወርቃማው ካራቡስ ኦሮኒቴንስ በደቡብ ፈረንሳይ አንዳንድ ደኖች ውስጥ ጥቁር ሆኖ ይገኛል፤ አብሮት የሚኖረው አረንጓዴ ወንድሙ ነው። በአሮጌ ሳጥኖች ውስጥ ከሚገኙት ‹ንዑስ ዝርያዎች› ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ የቀለም ልዩነቶች ናቸው። የዲኤንኤ ምርመራ ይገላግለኛል ብለውም አይቸኩሉ። በጃፓን ኦሆሞፕቴሩስ በሚባለው የካራቡስ ንዑስ ወገን (ወገን ማለት የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ ነው) ውስጥ የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ (ከእናት የሚወረሰው) በመዳቀል ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው ተሻግሮ ተገኝቷል። በዚያው ቡድን የወንዱ ብልት መንጠቆ ከሌላ ዝርያ ሴት ጋር ስለማይገጥም መንጠቆው ሊሰበር፣ የሴቷም ብልት ሊቀደድ ይችላል። ብልትን ማየት የሚያዋጣውም ለዚህ ነው፤ ሚቶኮንድሪያው ያደባለቃቸውን እሱ ይለያቸዋል።

ሳጥኑን ከሰጡዎት ሰው የአሰባሰቡን ቦታና ዘመን የሚገልጽ ጽሑፍ ይቀበሉ። በጀርመን የአገሩ የካራቡስ ዝርያዎች በሙሉ በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ አይቻልም፣ በእጅ ያለውም ከየት እንደመጣ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የመስክ መረጃ በኤክሴል እያጠራሁ ነው። አጎኑም ዶርሳሌ፣ ፕላቲኑስ ዶርሳሊስ፣ አንኮመኑስ ዶርሳሊስ የሚሉ ሦስት ስሞች አሉኝ፤ ሃርፓሉስ ሩፊፔስና ሃርፓሉስ ፑቤሴንስም አብረው ተመዝግበዋል። የቱን ላጥፋ? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ምንም አያጥፉ፤ ዓምድ ይጨምሩ። ለእያንዳንዱ ስም መጀመሪያ የታተመበት ወገን፣ የመጀመሪያው አጻጻፍ፣ ሰያሚው፣ ዓመቱና ገጹ ይግቡ። ከዚያ የስሙን ግንድ፣ ሰያሚውንና ዓመቱን አንድ ላይ መለያ ቁልፍ ያድርጓቸው። ያኔ ሦስቱ ዶርሳሊሶች በአንድ ቁልፍ ሥር ይወድቃሉ፦ ፖንቶፒዳን፣ 1763። ወገኑ ተቀያየረ እንጂ ስሙ ያው ነው። መጨረሻው ከ‹ሌ› ወደ ‹ሊስ› የዞረው አጎኑም በላቲን ግዑዝ ጾታ፣ አንኮመኑስ ደግሞ ወንዴ ስለሆነ ነው። የሰያሚው ስም በቅንፍ የሚገባውም ዝርያው መጀመሪያ ከተሰየመበት ወገን ሲወጣ ነውና ቅንፉን አይጣሉት።

ሩፊፔስ (ዴ ጊር 1774) እና ፑቤሴንስ (ሙለር 1776) ግን ለአንድ እንስሳ የወጡ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ታላቁ፣ ማለትም ቀድሞ የወጣው ሩፊፔስ ይሠራል፤ ፑቤሴንስ እንደ ድርብ ስም ሆኖ ከሥሩ ይመዘገባል።

ኮምፒውተር የማይፈታው ሦስተኛ ዓይነት አለ። በድሮ የብሪታንያ ጽሑፎች ‹ካራቡስ ካቴኑላቱስ› የተባለው ዛሬ ካራቡስ ፕሮብለማቲኩስ (ኸርብስት 1786) የምንለው ነው። ስኮፖሊ በ1763 ካቴኑላቱስ ያለው ግን ሌላ ዝርያ ነው። ይህ የስም ሳይሆን የመለየት ስሕተት ነው፤ ‹ካቴኑላቱስ› የሚለውን ሁሉ በጅምላ የስኮፖሊ ዝርያ ካደረጉት የብሪታንያው ጥንዚዛ በአንድ ጊዜ ሌላ ዝርያ ሆኖ ያርፋል። አገሩንና የጽሑፉን ዘመን እያዩ አንድ በአንድ ያስተካክሉ።

ጥያቄ፦ በሁለት የተለያዩ የካራቡስ ዝርያዎች ሥር አንድ ዓይነት ስም የተሰጣቸው ሁለት ንዑስ ዝርያዎች አገኘሁ። ለአንዱ አዲስ ስም አውጥቼ ላሳትም? (የሥነ ሕይወት ተማሪ)

መልስ፦ ምናልባት፤ ከዚያ በፊት ግን በርካታ በሮች አሉ፣ አብዛኛው ጉዳይም ከመጨረሻው በር ሳይደርስ ያልቃል።

ነገሩ በእርግጥ ሞክሼነት ነው። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ አንቀጽ 57 መሠረት በአንድ ወገን ውስጥ የዝርያና የንዑስ ዝርያ ስሞች በአንድ ሜዳ ላይ ናቸው፤ በተለያየ ዝርያ ሥር ወይም በተለያየ ንዑስ ወገን ውስጥ መሆናቸው አያድናቸውም። አጻጻፉ በትንሹ መለየቱም ሁልጊዜ አያድንም። ‹ሠርግ›ን በ‹ሰ› ቢጽፉት ያው ሰርግ እንደሆነ ሁሉ፣ በአንቀጽ 58 የተዘረዘሩት ልዩነቶች፣ ለምሳሌ ከሰው ስም የተሠራ ስም በላቲን ሲጻፍ መጨረሻው ላይ አንድ ወይም ሁለት ‹አይ› (i) መሆኑ፣ ስሞቹን አንድ ከመባል አያስጥሏቸውም።

ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹን ኅትመቶች ገጽ ይክፈቱ፤ ካታሎግ አይበቃም። ሁለቱም ስሞች መጀመሪያ የወጡት በካራቡስ ወገን ከሆነ ቀዳማዊ ሞክሼ ናቸው፣ ታናሹም ለዘለቄታው ይወድቃል። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአውሮፓ እርሻዎች የተለመደው ሃርፓሉስ አፊኒስ ነው። የግብርና ጽሑፎች ለረጅም ጊዜ ሃርፓሉስ ኤኔውስ ይሉት ነበር። ፋብሪሲየስ በ1775 ካራቡስ ኤኔውስ ብሎ ሲሰይመው ዴ ጊር ያንኑ ስም በ1774 ለሌላ ጥንዚዛ ሰጥቶት ነበርና የሽራንክ የ1781 ስም፣ አፊኒስ፣ ቦታውን ያዘ። ያኔ የመሬት ጥንዚዛ በጠቅላላ ካራቡስ ይባል ስለነበር እንዲህ ያለ ግጭት በዚህ ቤተሰብ ውስጥ እንደ አሸዋ ነው።

አንደኛው ስም መጀመሪያ የወጣው ክሪሶካራቡስን የመሰለ ንዑስ ወገን እንደ ሙሉ ወገን ተቆጥሮ ከሆነ ግን ሞክሼነቱ ዳኅራዊ ነው፤ ሁለቱን በካራቡስ ለሚያዋህድ ሰው አለ፣ ለሚለይ ሰው የለም። በዚህ ጊዜ እጅዎን ይሰብስቡ። የእርስዎ ተተኪ ስም የሌላው ባለሙያ አመዳደብ ውስጥ ትርፍ ሸክም ይሆናል። ከ1961 በፊት በዚህ ምክንያት የተተካ ስም ግን፣ ተተኪው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ፣ እንደወደቀ ይቀራል።

ታላቅና ታናሹን የሚለየው ቀን ነው። የመጽሔቱ ሽፋን የሚያሳየው ዓመት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው የኅትመት ቀን ይቀድማል። ወሩ ብቻ ከታወቀ የወሩ መጨረሻ፣ ዓመቱ ብቻ ከታወቀ ዲሴምበር 31 ይያዛል። በአንድ ቀን ከወጡ ለዝርያ የተሰጠው ለንዑስ ዝርያ የተሰጠውን ይቀድማል፤ ደረጃቸውም እኩል ከሆነ ሁለቱን አይቶ መጀመሪያ የመረጠ ደራሲ ምርጫ ይጸናል።

ታናሹ የታወቀ፣ ታላቁ የተረሳ ስም ቢሆንስ? ታላቁ ከ1899 በኋላ እንደ ትክክለኛ ስም ካልተሠራበት፣ ታናሹም ባለፉት 50 ዓመታት ቢያንስ በ10 ደራሲዎች፣ ቢያንስ በ25 ሥራዎች፣ ከ10 ዓመት ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ከተሠራበት ቀደምትነቱ ይገለበጣል፤ ማስረጃውን ዘርዝሮ በግልጽ ማወጅ ግን ግዴታ ነው። ሁለቱም ስሞች ዛሬ በሥራ ላይ ኖረው ከ1899 ወዲህ በአንድ ወገን ውስጥ ሆነው ካልተቆጠሩ ደግሞ ደንቡ ታናሹን በራስ ፈቃድ መተካትን ይከለክላል፤ ጉዳዩ ለዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን ይቀርባል።

ታናሹ መውደቁ ከተረጋገጠ ድርብ ስሞቹን ይፈትሹ። ለዚያው ንዑስ ዝርያ የወጣ ሌላ ብቁ (በደንቡ መሠረት የታተመ) ስም ካለ ከነሱ ታላቁ ይነሣል። ምንም ከሌለ ብቻ ተተኪ ስም ይወጣል፤ ‹ተተኪ ስም› መሆኑ በግልጽ ይጻፋል፣ የተተካው ስም ከነሰያሚው ይጠቀሳል፣ ዋቢ ናሙናውም (ስሙ የተመሠረተበት ናሙና) የቀድሞው እንዳለ ይቀጥላል። ሰያሚው በሕይወት ካለ ጽፈው ያሳውቁትና ራሱ እንዲተካው አንድ ዓመት ይጠብቁ፤ የደንቡ ሥነ ምግባር ይህን ይጠይቃል። በኤሌክትሮኒክስ ብቻ የሚወጣ ጽሑፍ ዙባንክ (የእንስሳት ስሞች የኢንተርኔት መዝገብ) ላይ ካልተመዘገበና የምዝገባው መረጃ በጽሑፉ ውስጥ ካልታየ ስሙ እንዳልታተመ ይቆጠራል። በየጊዜው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በአሮጌ መለያ ወረቀት ላይ ‹ቫር.› እና ‹አብ.› የሚሉ ምልክቶች አሉ። እንደ ንዑስ ዝርያ ይቆጠሩ?

መልስ፦ ከ1961 በፊት ‹ቫር.› (ልዩ መልክ ማለት ነው) ተብሎ የታተመ ስም፣ ደራሲው ከንዑስ ዝርያ በታች መሆኑን በግልጽ ካላመለከተ፣ እንደ ንዑስ ዝርያ ስም ብቁ ነው፤ በሞክሼነት ክርክርም ይገባል። ከ1960 በኋላ የወጣ ‹ቫር.› ብቁ አይደለም። ‹አብ.› (ከተለመደው ያፈነገጠ ማለት ነው) በየትኛውም ዘመን ከንዑስ ዝርያ በታች ነው። በወረቀት ላይ ተጽፎ ብቻ የቀረ፣ ፈጽሞ ያልታተመ ስም ደግሞ ከቁጥር አይገባም።

ጥያቄ፦ እንጦጦ ላይ ካራቡስ ይገኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይገኝም። የካራቡስ ወገን ከሰሐራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የለም። እኛ ዘንድ ያለው የቅርብ ዘመዱ ካሎሶማ ነው፤ አባጨጓሬ አዳኝ ነውና ተምች በተነሣበት ማሳ መፈለግ ያዋጣል፣ ሌሊት ወደ መብራትም ይመጣል። ስለ አፍሪካ በተጻፈ የጥንት ዝርዝር ውስጥ ‹ካራቡስ› የሚል ካዩ የዛሬ ወገኑን ፈልገው የሰያሚውን ስም በቅንፍ ያግቡ። አውሮፓዊው ካሎሶማ ሲኮፋንታም ሊኔየስ በ1758 ሲሰይመው ካራቡስ ነበር።