አንድ ቃል አባቴን ለምን አስደነገጠው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሰሞኑን ለክፍል ሥራ የደርግ ዘመን ንግግሮችን ዩቲዩብ ላይ እያዳመጥኩ ነበር። አባቴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ተናጋሪው ሲጮህም፣ ሲፎክርም ምንም አላለም። «አብዮታዊ እርምጃ» ሲል ግን ስኒውን አስቀምጦ ወጣ። ለእኔ «እርምጃ» ተራ ቃል ነው። ዛሬም በዜና ስንት ጊዜ እንሰማዋለን። አንድ ቃል እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት ያመጣል? የፖለቲካ ንግግርንስ እንዴት ባዳምጥ ይሻላል?

የደሴዋ አንባቢ

መልስ፦

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አባትሽ ለምን ስኒውን እንዳስቀመጠ የገባኝ ይመስለኛል። እኔም በዚያው ቃል የቆሰልኩ ነኝ።

34 ዓመት አማርኛ ስላስተማርኩ ከሰዋስው ልጀምር። «እርምጃ» የመጣው ከ«ተራመደ» ነው። እግርን አንሥቶ ወደፊት ማሳረፍ ማለት ነው። የዘመኑ ትልቅ ሙገሳ የነበረው «ተራማጅ»ም ከዚያው ሥር የወጣ ነው። «አድኃሪ» ደግሞ ከግዕዝ የመጣ ነው፤ ወደ ኋላ የሚል፣ ወደ ኋላ የሚጎትት። «ኢትዮጵያ ትቅደም» ላይ መቅደም አለ። «ወደፊት!» የሚለውማ ራሱ ይናገራል። እነዚህን ቃላት ጎን ለጎን ስትደረድሪያቸው አንድ መንገድ ይወጣሻል። አገር ትቀድማለች፤ ተራማጁ ይራመዳል፤ አድኃሪው ይጎትታል። እዚያው መንገድ ላይ ሰው መግደል «እርምጃ» ተባለ። አየሽ? ሰው መግደል እግርን አንሥቶ ወደፊት ከማሳረፍ ጋር አንድ ስም አገኘ። ስለ ሶሻሊዝም አንድ ገጽ አንብቦ የማያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ከቃላቱ ብቻ ተምሮታል። እኔ ራሴ በ12 ዓመቴ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ጡጫዬን እያነሣሁ ተምሬዋለሁ።

ግሱንም ተመልከቺ። «እርምጃ ተወሰደ» ነው የሚባለው። ተማሪዎቼን «ተ»ን አውጡና አድራጊውን አምጡልኝ እላቸው ነበር። «ወሰደ» ይሉኛል። «ማን?» ስላቸው ዝም ይላሉ፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለማ! መፈክሮቹም እንደዚያው ናቸው። «ይውደም!» ማን ያውድመው? «ቀይ ሽብር ይፋፋም!» ማን ያፋፍመው? ይህን መፈክር በየመንገዱ በተጣሉ አስከሬኖች ላይ ጽፈው ያስቀምጡት ነበር። «ይፋፋም» የእሳት ቃል ነው። እሳት ደግሞ አንዴ ከተያያዘ በራሱ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

በ1967 መጀመሪያ ላይ «ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» ይባል ነበር። መስከረም 2 ንጉሡ ወረዱ። ኅዳር 14 ደግሞ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 መንግሥቱ ኃይለማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን ከሰከሱ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ጠርሙሶቹን ነው። እኔ ግን ስሞቹን የበለጠ እፈራለሁ። ተቃዋሚው የሚያደርገው «ነጭ ሽብር» ተባለ፤ የመንግሥት ግድያ «ቀይ ሽብር»። ሽብር ብሎ ራሱን በስሙ ጠራ፤ ግን ለሌላው መልስ አስመሰለው። እውነቱን ለመናገር ቃል የሚወረውረው መንግሥት ብቻም አልነበረም። ደርጎች ተቃዋሚያቸውን ኢሕአፓን «አናርኪስት» ሲሉት፣ ኢሕአፓ ደግሞ ያኔ ከደርግ ጎን የቆመውን የመኢሶን ፓርቲ ሰዎች «ባንዳ» ይላቸው ነበር። ከጣሊያን ወረራ ወዲህ በዚህ አገር ከ«ባንዳ» ጋር ቁጭ ብሎ የሚከራከር ማን አለ?

ወንድሜ ያኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ማታ መጥተው ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው በራችን ላይ ቆሞ ለእናቴ «ልጅሽ ላይ እርምጃ ተወስዷል» አላት። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገረም። እናቴ ማንበብና መጻፍ አታውቅም። ግን እስክትሞት ድረስ ያንን ቃል አንድም ቀን ከአፏ አላወጣችም። «ገደሉብኝ» ነው የምትለው። ሰዋስው ሳስተምር ሁልጊዜ ይህን ቃሏን አስባለሁ። «ገደሉ» ሲባል ገዳዮች አሉ። «ብኝ» ሲባል የተጎዳ ሰው አለ። ያ ሰው በራችን ላይ የደበቀውን ሁሉ እናቴ በአንድ ቃል መልሳ አስገባችው።

ሥልጣን ሁሉ አድራጊውን ይደብቃል ማለቴ አይደለም። የአፄ ምኒልክን የ1888 የክተት አዋጅ አንብቢ። «ወስልተህ የቀረህ ግን ትጣላኛለህ፤ አልተውህም። ማርያምን ለዚህ አማላጅ የለኝም» ይላል። ማስፈራሪያ ነው፤ ከባድ ማስፈራሪያ። ግን «አልተውህም» ውስጥ የሚዝተው ሰው ራሱ ቆሟል፤ የሚዛትበትም ሰው «አንተ» ተብሎ ተጠርቷል። ያው አዋጅ ጉልበት የሌለውን «በሐዘን እርዳኝ» ብሎ ይለምናል። ሕዝቡ ማን እንዳዘዘው፣ ማን እንደለመነው ያውቃል። በደርግ ቋንቋ ግን የሚያዘው አብዮቱ ነው፤ ታሪክ ነው፤ ሰፊው ሕዝብ ነው። እነዚህን ማን በር አንኳክቶ ልጄን የት አደረሳችሁት ይላቸዋል?

ስለዚህ ንግግር ስታዳምጪ እስክሪብቶ ያዢ። ግሱ «ተወሰደ»፣ «ተደረገ»፣ «ተወሰነ» ሲል ከሥሩ አስምሪና ዳር ላይ «ማን?» ብለሽ ጻፊ። «እኛ» ሲል እነማንን እንደጨመረ፣ እነማንን ውጭ እንዳስቀረ እዪ። ይህን የድሮ ንግግር ላይ ብቻ አታድርጊው። የዛሬውንም ስሚ፤ በተለይ አንቺ የምትደግፊው ሰው ሲናገር።

አባትሽን ስለ ቃሉ አትጠይቂው። ዩቲዩቡን ዝጊና ቡና አፍዪለት። ከዚያ «አባዬ፣ ማንን ነው ያጣኸው?» በዪው። ዝም ካለ አትጫኚው። ስም ከጠራልሽ ግን ጻፊው፤ ሙሉ ስሙን፣ ከነአባቱ።