«በተለምዶ ክፍት» ወይስ «ሳይነካ ያልገጠመ»?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ ናቸው፤ ለአዳዲስ ሠራተኞች የፒኤልሲ (ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) ላደር ፕሮግራም፣ ማለትም በመሰላል መልክ በእርከን በእርከን የሚሣል ፕሮግራም፣ በአማርኛ ያስተምራሉ። «ኖርማሊ ኦፕንና ኖርማሊ ክሎዝድ የሚባሉትን ኮንታክቶች (በማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ የሚነካኩትን ብረቶች) ‹በተለምዶ ክፍት›ና ‹በተለምዶ ዝግ› ስላቸው ልጆቹ ይገለበጥባቸዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው የቋንቋው?» ይላሉ።

የትርጉሙ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ቧንቧ ሲከፍት ውሃ ይወርዳል፣ ሬዲዮ ሲከፍት ድምፅ ይመጣል። ሐረጎ ላይ «መንገዱ ተዘግቷል» ከተባለ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በዚያ የሚወርድ መኪና የለም። በቋንቋችን ክፍት ያሳልፋል፣ ዝግ ይከለክላል። በኤሌክትሪክ ግን ክፍት ኮንታክት የሚባለው ሁለቱ ብረቶች ያልተነካኩበት፣ ኤሌክትሪክ የማያልፍበት ነው። ልጆቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን አምነው ነው የተደናገሩት።

«በር ሲዘጋ ሳንቃው ከመቃኑ ይገጥም የለም ወይ? ታዲያ ዝግ ቢባል ምን ነውር አለው?» የሚሉ ወገኖች አሉ። «ግጥም አድርጎ ዘጋ» ማለታችን ለክርክራቸው ድጋፍ ይሆናል፤ አልክድም። ነገር ግን በዚያ አነጋገር የመነካካቱን ነገር የተሸከመው «ግጥም» ነው፣ «ዘጋ» አይደለም። ገጠመ ሰፊ ግስ ነው፤ ስንኝ ከስንኝ ይገጥማል፣ ጦር ከጦር ይገጥማል፣ አጥንት በመገጣጠሚያው ይያያዛል፣ መኪና በመገጣጠሚያ ፋብሪካ ይሠራል። በሁሉም ዘንድ ሁለት ነገር ተገናኝቷል። ስለዚህ እኔ «የገጠመ»ና «ያልገጠመ» እላለሁ።

«በተለምዶ»ም ይውጣ። ልማድ አዘውትሮ የሚሆን ነገር ነው፤ እዚህ የተፈለገው ግን ኮንታክቱ ማንም ሳይነካው፣ ኃይልም ሳያገኝ ያለበት ሁኔታ ነው። የማሽን ክዳን ሲከደን የሚጫነው ሊሚት ስዊች ቀኑን ሙሉ ተጭኖ ይውላል፤ ልማዱ የትኛው ሊባል ነው? «ሳይነካ የገጠመ»፣ «ሳይነካ ያልገጠመ» ቢሉ ይጠራል።

ይህ ሁሉ ለሽቦው ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ የሚገጥም ብረት የለም፤ ኮንታክቱ ጥያቄ ሆኗል። ኮንታክቱን የሚወክሉት ሁለቱ ትይዩ መስመሮች «ምልክት አለ ወይ?» ይላሉ፤ ሰያፍ ሲሰመርባቸው «የለም ወይ?» ይሆናሉ። ለማቆሚያ ቁልፍ፣ ሽቦው ቢበጠስ ማሽኑ እንዲቆም፣ ሳይነካ የገጠመው ዓይነት ይመረጣል። እንግዲህ ማንም ሳይጫነው ለፒኤልሲው ምልክት ይልካል፤ በፕሮግራሙም የሚጻፈው ሰያፍ የሌለበት ነው። «ዝግ ነው ተብያለሁ» ብሎ ሰያፉን የሚያሰምር ጀማሪ ሞተሩ አልነሣ ይለዋል።

«ካለ»ና «ከሌለ» እያሉ ያስነብቧቸው፦ «የማስነሻው ምልክት ካለ ወይም ሞተሩ እየሠራ ከሆነ፣ የማቆሚያውም ምልክት ካለ፣ ሞተሩ ይሥራ።» ሁኔታው ሁሉ ከግራ ተደርድሮ ኮይሉ፣ ማለትም «ሞተሩ ይሥራ» የሚለው የውጤት ምልክት፣ በእርከኑ ቀኝ ጫፍ ሲመጣ ያስተውሉ። የአማርኛ ዐረፍተ ነገርም እንዲሁ ነው፤ ኮይሉ ማሰሪያ አንቀጹ ነው! ይህን እርከን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ስለ «ላደር» አልጠየቁኝም፤ ሳልናገር ግን አላልፍም። ያዕቆብ በሕልሙ ያየው መሰላል በግእዝ «ሰዋስው» ነው፤ የቋንቋ ሥርዐት የምንማርበት ሰዋስውም ይኸው ቃል ነው። የግብፅ ክርስቲያኖች የቅብጥና የዐረብኛ መዛግብተ ቃላታቸውን «ሱለም»፣ ማለትም መሰላል፣ ይሏቸው ነበር፤ የእኛም ስያሜ ከዚያ ጋር ይዛመዳል። ላደሩን «ሰዋስው» ቢሉልኝ ደስታዬ ነበር።

ይሁንና ላደርና ኮይል በሠራተኛው አፍ ገብተዋል፤ እየከፋኝም ቢሆን እቀበላለሁ። «ሳይነካ ያልገጠመ» ረዘመብን ካሉም «ኖርማሊ ኦፕን» ይበሉ፤ «በተለምዶ ክፍት»ን ግን ከማስተማሪያዎ ያውጡልኝ።