የዓባይ ቁልቁለትና የወንድምህ ፍሬን

የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው የጻፈልኝ፣ ከደብረ ማርቆስ። ታላቅ ወንድሙ አይሱዙ ይነዳል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ የፍሬኑ ፔዳል እየላላ ሄዶ ወለሉ ድረስ ይገባል፤ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ግን ምንም እንዳልነበረ ይይዛል። የፍሬን ሸራ ቢያስቀይርም ለውጥ የለም። ልጁ የራሱንም ጥያቄ አክሏል፦ «ጋሼ፣ ያለ ጉልበት ፍጥነት አይለወጥም ተብለን ተምረናል። ታዲያ ወንድሜ ነዳጅ ሳይረግጥ መኪናው ለምን ይፈጥናል?»

ካንተ ልጀምር፤ የወንድምህም መልስ የሚገኘው እዚያው ነው።

የተማርከው ልክ ነው። ሞተሩ ባይገፋ የመሬት ስበት ይጎትታል። መኪናው ከነጭነቱ 10 ቶን ይሁን፤ ክብደቱ 98,000 ኒውተን ነው። ሜዳ ላይ ይህን ሁሉ አስፋልቱ ይሸከመዋል። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር የሚወርድ ከሆነ ግን የክብደቱ ሃያኛ እጅ፣ 4,900 ኒውተን፣ መኪናውን ወደ ታች ይስበዋል። አምስት ኩንታል ጤፍ በገመድ አንጠልጥለህ እንደመያዝ ቁጠረው፤ ያውም ቁልቁለቱ እስኪያልቅ። ፍጥነቱ እንዳይጨምር ያንኑ ያህል ጉልበት ወደ ኋላ መያዝ አለበት። ጎማውና ነፋሱ ጥቂት ያግዛሉ፤ የቀረው የፍሬኑ ወይም የሞተሩ ዕዳ ነው።

ፍሬን የሚይዘው በሰበቃ ነው፤ ሰበቃ ደግሞ ሙቀት ይወልዳል። ይህ መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 98 ሚሊዮን ጁል ይለቃል። ይህ አንድ በርሜል ተኩል ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል! ከደጀን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ከ1,000 ሜትርም ይበልጣል።

አሁን ወደ ወንድምህ። ሸራው ብቻ ግሎ ቢሆን ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ይል ነበር። የእሱ ግን ላልቶ ይገባል፤ ስለዚህ የምጠረጥረው የፍሬን ዘይቱን ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት ሲጫን አይታመቅም፣ እንፋሎት ይታመቃል፤ ፔዳሉ የሚሰምጠው ለዚህ ነው። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ዘይት ይሆንና ፍሬኑ የዳነ ይመስላል። ሸራ ቀይሮ ዘይቱን የተወ መካኒክ ሥራውን ግማሽ ላይ ጥሎታል።

ስለዚህ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ያስቀይር፤ በላዩ መጨመር አይበቃም። በፍሬኑ ቧንቧ ውስጥ የገባውን አየር በደንብ ያስወጣ፤ ፓምፑንና ሲሊንደሮቹንም ያስፈትሽ፣ የሚያፈስ ካለ ዘይት መቀየር ብቻውን አያድነውም። ከዚያ በኋላም ቢሆን በአራተኛ ማርሽ ፍሬን ላይ ተኝቶ ከወረደ ያው ይደገምበታል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ደጀን ላይ፣ ያንኑ መንገድ ሽቅብ ለመውጣት በሚያስፈልገው ማርሽ ይግባ፤ ሞተሩ ይያዝለት። ፍሬኑን ረገጥ አድርጎ ፍጥነቱን ይቀንስና ይልቀቀው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሾፌር ያናድደኛል፤ ናፍጣ ሞተር በማርሽ ሲወርድ፣ እግር ከነዳጁ ላይ ከተነሣ፣ ነዳጅ አይረጭም። ማርሽ ሲወጣ ነው የሚፈጀው።

የጋለ የፍሬን ታምቡር ላይ ውሃ እንዳያፈስ ደግሞ ንገረው፤ ይሰነጠቃል።